ዋይፋዩ ሲጠፋ ዲኤንኤሱም አብሮ እንዳይጠፋ፦ ሉፕባክ አዳፕተር ምንድነው፣ እንዴትስ ይገጠማል

ኮምቦልቻ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሰራሁላቸውን የዕቃ መመዝገቢያ ላሳያቸው ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ሄድኩ። ላፕቶፔን ጠረጴዛቸው ላይ ከፈትኩ፣ ብሮውዘሩ ላይ ሾፕ.ሆም.አርፓ ብዬ ጻፍኩና ኢንተር አልኩ፣ ገጹ አልተገኘም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የሱቁ ባለቤት ሐጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን አዩና "ልጄ፣ ማታ ስደውልልህ ይሰራል አላልከኝም?" አሉኝ። "ማታማ ሰርቷል ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሱኝ" አልኳቸው። ቡና ቀረበ፣ አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው መጣ፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀርኩ ነኝ።

በመጨረሻ ሌላ ነገር ልፈልግ ብዬ የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ላፕቶፑን አገናኘሁት፣ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ልብ በሉ፣ ስልኬ ላይ ዳታ አልነበረም፣ ፓኬጁ አልቆ ነበር። ፕሮግራሙ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ፣ ዳታቤዙ ላፕቶፑ ውስጥ፣ ስሙን ወደ አድራሻ ሚቀይረው ዲኤንኤስ ሰርቨርም እዛው ላፕቶፑ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ሚባል ነገር የትም አያስፈልገውም። ታዲያ ኢንተርኔት ከሌለው ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ለምን ሰራ? ይሄን ጥያቄ በደንብ ከተረዳችሁት ቨርቹዋል አዳፕተር (ርዕሱ ላይ ያልኩት ሉፕባክ አንዱ ነው) ለምን እንደሚያስፈልግ አብሮ ይገባችኋል፣ ስለዚ ከዛው ልጀምር።

መጀመሪያ ዲኤንኤስ ራሱ። ደሴ ላይ ሰው ቤት ስትፈልጉ የቤት ቁጥር ይዛችሁ አትዞሩም አይደል፣ ሰፈሩ ትደርሱና ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ጋ ጠጋ ብላችሁ "የእከሌ ቤት በየት ነው?" ትላላችሁ፣ ባለሱቁ ካወቀ ይነግራችኋል፣ ካላወቀ ደግሞ ሚያውቅ ሰው ጠርቶ ይጠይቅላችኋል። ዲኤንኤስ ሰርቨር ማለት ያ ባለሱቅ ነው፣ ስም ትሰጡታላችሁ፣ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ቁጥር፣ ይመልስላችኋል። በፊት በፊት፣ ኢንተርኔት ገና አርፓኔት ሳለ፣ የሁሉም ኮምፒውተር ስም አንድ ፋይል ላይ ነበር ሚጻፈው፣ ሁሉም ያንን ፋይል እየገለበጠ ይጠቀም ነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲበዛ ፋይሉ አልቻለም፣ በፈረንጆቹ 1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን አመጣ፣ በ1987 የወጡት አርኤፍሲ 1034 እና 1035 ሚባሉት ሰነዶች ደግሞ እስካሁን መሰረቱ ናቸው። የዛ የድሮው ፋይል ልጅ ዛሬም እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ሆስትስ ፋይል ምንለው እሱን ነው።

እንደውም እዚ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ምትፈልጉት ስም አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ይሄን ሁሉ ጣጣ ተዉት፣ ሆስትስ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጻፉ ይበቃችኋል። የራስ ዲኤንኤስ ሚያስፈልገው ስሙ ሲበዛ ነው። እኔ ለየደንበኛው የራሱን ስም ስለምሰጥ ከሾፕ.ሆም.አርፓ በፊት ምንም ይምጣ ምን ወደዚ ማሽን አምጣው ማለት እፈልጋለሁ፣ በኮከብ ምልክት ሚጻፈው ማለቴ ነው፣ ሆስትስ ፋይል ደግሞ ያንን አያውቅም፣ እያንዳንዱን ስም አንድ በአንድ ነው ሚፈልገው። በዛ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ወይም ኮንቴይነር ምትጠቀሙ ከሆነ የናንተ ሆስትስ ፋይል እነሱ ውስጥ አይታይም።

እሺ ወደ ኮምቦልቻው ነገር። ብዙ ሰው ማያስተውለው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ "ስም ሲጠፋኝ ማንን ልጠይቅ" ሚለው ነገር ሚጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ አደለም፣ እያንዳንዱ ኔትወርክ አዳፕተር (ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ሚያገናኘው ክፍል) ላይ ነው። የዋይፋዩ አዳፕተር የራሱ አለው፣ የኬብሉም የራሱ አለው። እኔ ዋይፋዩ አዳፕተር ላይ ገብቼ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ 127.0.0.1 ነው፣ ማለትም ራስህን ጠይቅ ብዬ ጽፌ ነበር። ቤት ዋይፋይ ስላለ አዳፕተሩ ህይወት አለው፣ ቅንብሩም ይሰራል። ሐጂ ሱቅ ዋይፋይ የለም፣ አዳፕተሩ ተኛ፣ ሲተኛ የያዘውን ቅንብር ይዞት ተኛ። ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ነቅቶ ቁጭ ብሏል ግን ዊንዶውስ እሱን ጠይቅ ሚለው ወረቀት ከእጁ ወጥቷል። ሆትስፖቱን ስከፍት አዳፕተሩ ነቃ፣ ወረቀቱም ተመለሰ። ይሄው ነው ምስጢሩ።

ሌላም ችግር አለ፣ እሱ ደግሞ አድራሻው ነው። ብዙ ልጆች ዲኤንኤሱ ላይ ስሙን ራውተር ከሰጣቸው አድራሻ ጋር ነው ሚያያይዙት፣ ለምሳሌ 192.168.1.20። ያ አድራሻ ግን የጉሊት ቦታ ማለት ነው፣ ዛሬ እዚ ተዘርግታችሁ ነገ የመጣ ሰው ቀድሞ ይይዝባችኋል። ካፌ ስትገቡ ሌላ፣ ካምፓስ ስትገቡ ሌላ፣ ዋይፋይ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የለም። ደንበኛ ሰኞ ያገኛችሁ ቦታ ማክሰኞ ካላገኛችሁ ይመለሳል፣ ብሮውዘርም እንደዛው ነው።

ስለዚ ምንፈልገው ሁሌ ማይተኛ፣ አድራሻው ማይቀየር አዳፕተር ነው። ኔትወርክ ካርድ ስንል ብረት ነው፣ ኬብል ሚሰካበት ወይም አንቴና ያለው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግን ብረቱን በቀጥታ አያየውም፣ ሚያናግረው ድራይቨር ሚባለውን ሶፍትዌር ነው። ድራይቨሩ "ካርድ አለ፣ ኬብሉም ተሰክቷል" ካለው ያምናል። ቨርቹዋል አዳፕተር ማለት ከጀርባው ብረት የሌለው ድራይቨር ነው። ኬብል ስለሌለው ኬብሉ አይነቀልም፣ ሲግናል ስለማይፈልግ ሲግናሉ አይጠፋም፣ መብራት ሄዶ ራውተሩ ቢጠፋ እንኳን ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ እሱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ዊንዶውስ ይሄን አብሮት ይዞ ይመጣል፣ ከየትም ማውረድ አያስፈልግም፣ ስሙ ማይክሮሶፍት ኬኤም-ቴስት ሉፕባክ አዳፕተር ይባላል፣ ድሮ ማይክሮሶፍት ሉፕባክ አዳፕተር ነበር ሚባለው ስለዚ የድሮ ቪዲዮ እያያችሁ በዛ ስም ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ።

አገጣጠሙ እንደዚ ነው። ዲቫይስ ማኔጀርን ትከፍታላችሁ፣ ከላይ ያለውን የኮምፒውተራችሁን ስም አንዴ ጠቅ ታደርጉታላችሁ (ይሄን ካላደረጋችሁ ቀጣዩ ነገር ሜኑው ላይ ላይታያችሁ ይችላል)፣ ከዛ አክሽን ሚለው ውስጥ አድ ሌጋሲ ሃርድዌር አለ። ራሴ መርጬ እገጥማለሁ ሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ከግራ ማይክሮሶፍት፣ ከቀኝ ኬኤም-ቴስት ሉፕባክ አዳፕተር፣ ኔክስት ኔክስት፣ አለቀ። የኔትወርክ ኮኔክሽኖቹ መስኮት ውስጥ አዲስ ኢተርኔት ሆኖ ይመጣል፣ ስሙን ቀይሩት፣ እኔ "የቤት ዲኤንኤስ" ብየዋለሁ፣ በኋላ አምስት ስድስት አዳፕተር ሲደረደር የቱ የቱ እንደሆነ ያደናግራል።

አሁን ዋናው ቦታ፣ እዚ ረጋ በሉ። አዳፕተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አይፒ ቨርዥን 4 ላይ ገብታችሁ አድራሻ 10.53.53.53፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ዲኤንኤስ ራሱኑ 10.53.53.53 ትሞላላችሁ። ለምን 10.53.53.53? በ10 ሚጀምሩት በአርኤፍሲ 1918 ለግል ኔትወርክ ከተተዉት ውስጥ ናቸው፣ 53 ደግሞ ዲኤንኤስ ሚሰራበት የፖርት ቁጥር (አንድ አድራሻ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ሚለዩበት) ስለሆነ አይረሳኝም፣ የቤት ራውተሮች በብዛት ሚጠቀሙት 192.168 ስለሆነ ከሱም ጋ አይጋጭም። ጌትዌይ ሚለውን ሳጥን ግን ባዶ ተዉት። ባዶ! ጌትዌይ ማለት "መንገዱን ማታውቀውን ሁሉ በዚ ላክ" ማለት ነው፣ ይሄ አዳፕተር ከጀርባው ምንም የለም፣ መውጫ የሌለው ክፍል ነው፣ እዛ የተላከ ነገር አይመለስም። ደሴ ሆጤ አካባቢ ያለ አንድ ልጅ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ደስ ስላላለው የራሱን አድራሻ ሞላበት፣ ከዛ ማታውን በሙሉ ዋይፋይ ሙሉ ምልክት እያሳየ ኢንተርኔት እምቢ አለው፣ ራውተሩን አስር ጊዜ አጥፍቶ አበራ፣ ደውሎልኝ ሳጥኑን ባዶ ሲያደርገው በሰከንድ ተመለሰ። ዊንዶውስ ራሱ ከአንድ በላይ ጌትዌይ ልታስገቡ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ያንን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ የስ አትበሉ።

እዛው አድቫንስድ ውስጥ ሜትሪክ ሚባል ነገር አለ፣ አውቶማቲክ ሚለውን አንስታችሁ 5 ጻፉበት። ሜትሪክ ትንሽ ሲሆን ቅድሚያ ያገኛል ማለት ነው፣ ዊንዶውስ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ እዚ እንዲጠይቅ ነው። ጌትዌይ ስለሌለው የኢንተርኔት መንገዳችሁን አይነካም፣ አይዟችሁ።

ቀጥሎ ሰርቨሩ። ዊንዶውስ ላይ ቴክኒቲየም ወይም አንባውንድ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ቴክኒቲየም በብሮውዘር ፖርት 5380 ላይ ስለሚከፈት ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። ባይንድ ታዋቂ ነው ግን ከቨርዥን 9.18 ጀምሮ ለዊንዶውስ መስራት አቁሟል፣ የድሮውን ፈልጋችሁ አትጫኑ። ሰርቨሩ ውስጥ ሶስት ነገር ነው ሚያስፈልጋችሁ። አንደኛ ሚያዳምጥበት አድራሻ 10.53.53.53 ብቻ ይሁን፣ 0.0.0.0 አታድርጉት። 0.0.0.0 ማለት በሁሉም በር ላይ እቀመጣለሁ ማለት ነው፣ አንዱ በር ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ትጣላላችሁ። ለምሳሌ ላፕቶፓችሁን ሆትስፖት ስታደርጉት ዊንዶውስ 192.168.137.1 ላይ ራሱ ዲኤንኤስ ሆኖ ይቀመጣል፣ ፖርት 53ን ይይዛል፣ የናንተ ሰርቨር አልነሳም ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ ሎጉ ላይ "አድራሻው ተይዟል" ሚለውን እያያችሁ ማን እንደያዘው ትፈልጋላችሁ። የራሱ አድራሻ ካለው ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይደርስበትም።

ሁለተኛ፣ ዞን (የስሞቹ መዝገብ) ከፍታችሁ ስሙን ከ10.53.53.53 ጋ ታያይዛላችሁ፣ ዌብ ሰርቨሩንም እዛው አድራሻ ላይ ታስነሳላችሁ። ሶስተኛ ፎርዋርደር፣ እንደ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ያለ፣ ባለሱቁ ማያውቀውን ሚጠይቅለት ማለት ነው። ይሄን ከረሳችሁ የራሳችሁ ስም ይከፈታል፣ ሌላው ኢንተርኔት ግን ስም ያጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሆቴል ውስጥ ያለ ዋይፋይ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ወይም ፓስወርድ አስገባ ሚል ገጽ ሚያወጣ ከሆነ ያንን ገጽ ሚያመጣው ብዙ ጊዜ የነሱው ዲኤንኤስ ነው፣ እናንተ 8.8.8.8ን እየጠየቃችሁ ገጹ አይመጣላችሁም። እንደዛ ሲሆን አዳፕተሩን ዲሴብል አድርጋችሁ ትገባላችሁ፣ ከገባችሁ በኋላ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ።

የስም ምርጫ ላይም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ዝም ብሎ ደስ ያለውን ይሰይማል። መጨረሻው ሎካል ሚል ስም አትጠቀሙ፣ እሱ በአርኤፍሲ 6762 ለሌላ ዓይነት አጠያየቅ፣ መልቲካስት ዲኤንኤስ ለሚባለው ተይዟል፣ አንዳንዱ መሳሪያ ሰርቨራችሁን ጭራሽ አይጠይቀውም። ዴቭ ሚለውም እውነተኛ የኢንተርኔት ስም ነው፣ ብሮውዘሮች በግድ ኤችቲቲፒኤስ (በሰርተፊኬት ሚቆለፈው ግንኙነት) ያደርጉታል፣ ያለ ሰርተፊኬት አትከፍቱትም። ሆም.አርፓ በ2018 በአርኤፍሲ 8375 ለቤት ኔትወርክ ተብሎ የተተወ ነው፣ ለሙከራ ከሆነ ደግሞ ቴስት ሚለው ከ1999 ጀምሮ ለዛው ተይዟል፣ ከነዚህ አንዱን ያዙ በኋላ ጸጸት የለውም።

ሙከራው ላይ ደግሞ ሰው ሚሳሳትበት አለ። ብዙዎቻችን ኤንኤስሉክአፕን ነው ምናምነው፣ ስሙን ጽፈን ትክክለኛ መልስ ሲመጣ ጨርሰናል እንላለን፣ ብሮውዘሩ ግን እምቢ ይላል። ኤንኤስሉክአፕ የዊንዶውስን መንገድ አይከተልም፣ ራሱ በቀጥታ ሄዶ ነው ሰርቨሩን ሚጠይቀው፣ ስለዚ እሱ መልስ አገኘ ማለት ሰርቨሩ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። ፓወርሼል ላይ ያለው ሪዞልቭ-ዲኤንኤስኔም ግን ዊንዶውስ በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል፣ እሱን ተጠቀሙ። ቅንብር በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ አይፒኮንፊግን ከፍላሽዲኤንኤስ ጋር ማስነሳት አትርሱ፣ ዊንዶውስ የድሮውን መልስ፣ የለም ሚለውንም ጭምር፣ በልቡ ይዞ ይቆያል።

ሁለቱም ሰርተው ብሮውዘሩ ብቻ ካስቸገረ ችግሩ ብሮውዘሩ ጋ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ሴኪውር ዲኤንኤስ ሚባል አላቸው፣ እሱ ተመርጦ የሆነ ድርጅት ከተሞላበት ብሮውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ ጠቅልሎ ውጪ ያለን ሰርቨር ይጠይቃል፣ እናንተን አያያችሁም። ውጪ ያለው ደግሞ የሐጂን ሱቅ ከየት ያውቀዋል።

አንዳንዴ ደግሞ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይጠፋል። ይሄ ሚያጋጥመው ዊንዶውስ ከዋይፋይም ጋ ሲሆን ነው፣ አንድን ስም በአንድ ጊዜ ለሁሉም አዳፕተር ሊጠይቅ ስለሚችል ከውጪ "የለም" ሚለው መልስ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። መፍትሄው ኔም ሪዞሉሽን ፖሊሲ ቴብል ሚባለው ውስጥ በሆም.አርፓ ሚያልቅ ሁሉ 10.53.53.53ን ብቻ ይጠየቅ ብሎ ህግ ማስገባት ነው፣ ፓወርሼል ላይ አንድ መስመር ነው። እኔ አሁን ሁሌ ይሄንን ነው ማደርገው፣ ሌላው የኢንተርኔት ስም በለመደው መንገድ ይሄዳል፣ የራሴ ብቻ ወደራሴ ይመጣል።

ሊኑክስ ላይ ቀላል ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደሚ ሚባል ቨርቹዋል አዳፕተር አለው፣ በአይፒ ሊንክ ትዕዛዝ ትፈጥሩታላችሁ፣ አድራሻውን ትሰጡታላችሁ፣ ታስነሱታላችሁ። ሪስታርት ስታደርጉ ግን ይጠፋል፣ ኔትወርክ ማኔጀር ውስጥ ካልጻፋችሁት በስተቀር። ኡቡንቱ ላይ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ሚባለው ስም ፈላጊ ፕሮግራም 127.0.0.53 ላይ ፖርት 53ን ይዞ ስለሚቀመጥ ያው ቅድም ያልኩት ነው፣ ሰርቨራችሁ በ10.53.53.53 ላይ ብቻ ይቀመጥ።

ሐጂ ጋ በሳምንቱ ተመለስኩ። ላፕቶፑን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ፣ እያዩኝ፣ ሾፕ.ሆም.አርፓ ብዬ ጻፍኩ፣ ተከፈተ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ዝም አሉ። ልጃቸው ግን ስልኳን አውጥታ "ጋሼ እኔስ ከዚ መክፈት አልችልም?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። መልሱ ደግሞ በሉፕባክ አዳፕተር አይደለም ነው። 10.53.53.53 ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፣ ከውጪ መንገድ የለውም፣ የልጅቷ ስልክ ቢፈልገው አያገኘውም። ራውተሩ ላይ መንገድ ብትጽፉለት እንኳን ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ በአንዱ አዳፕተር ገብቶ የሌላውን አዳፕተር አድራሻ ሚፈልግን ነገር በራሱ አይቀበልም፣ ሊኑክስ ነው ሚቀበለው። ስልኮች እንዲገቡ ከተፈለገ ኮምፒውተሩ ማይንቀሳቀስ ዴስክቶፕ ይሁንና በእውነተኛው አዳፕተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ይሰጠው፣ ስሙም ዲኤንኤሱም በዛ አድራሻ ይሁኑ።

ሐጂ ሱቅ ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ከጠረጴዛው ተነስቶ ስለማያውቅ እሱ ላይ ሉፕባክ አልገጠምኩም። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ራውተር ገዙ፣ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ለዴስክቶፑ 192.168.1.10ን ያዝኩለት፣ ለሚገናኝ ሁሉ ዲኤንኤስ እሱ ነው ተብሎ እንዲነገረው አደረግኩ። የልጅቷ ስልክ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ሚለው ላይ የሆነ የውጪ ስም ተሞልቶበት ነበር፣ ወደ አውቶማቲክ መለስነው። ከዛ ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ትቀጥያለሽ ወይ አላት፣ ቀጥል አለችው፣ ዳታውንም አጠፋች ምክንያቱም ዳታ ካለ ስልኩ ወደዛ ያደላል። ስሙን ጻፈችና "ፍሬን ሸራ" ብላ ፈለገች፣ ከመደርደሪያው ቁጥር ጋር አወጣላት፣ ተነስታ ሄዳ ቆጠረችው፣ ልክ ነበር።